ያልተመዘነው እሸት

ጋሼ ሸሪፍ ወፍ የሚጠብቁበት ማማ ከጀውሃ ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቆ ይገኛል። ማሽላው ፍሬ ከያዘ ከንጋት እስከ ምሽት እዚያ ላይ ናቸው። ወፍ ሲያርፍ በወንጭፍ ያባርራሉ፤ ሰው ሲመጣ ግን ከማማው ወርደው እሸት ይመርጡለታል። የከባድ መኪና ሹፌር ይሁን፣ ወደ ካራቆሬ የሚሄድ እግረኛ ይሁን፣ ባጃጁ የተበላሸበት ይሁን፣ ለሳቸው ያው ነው። እኔ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ዘላለም፣ ይህን ጠባያቸውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሙከራውን እሳቸው ማሳ ላይ ሳደርግ ግን ረሳሁት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቢሆንም ያን ጊዜ የተናደድኩት በሳቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ ሸሪፍ ከእናታቸው ከእማማ ዙልፋ የወረሱት የማሽላ ዘር አለ። በየዓመቱ ምርጥ ምርጡ ራስ ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ፣ ጭስ ሲጠጣ ከርሞ ይዘራል። ድሮ ቆላው ሁሉ ይዘራው ነበር ይላሉ፤ አሁን የቀረው እሳቸው ዘንድ ብቻ ነው። ልጆቻቸው ደግሞ ከሽንኩርትና ከማሾ ሌላ መዝራት አያምራቸውም። ወረዳው ለገበሬው ተባዝቶ የሚከፋፈል አንድ ዘር ሊመርጥ መሆኑን ስነግራቸው፣ «የእማዬ ከተመረጠ እኔ ብሞትም አይጠፋም» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁም።

ሦስት ዘር ለውድድር ቀረበ፤ የእማማ ዙልፋ፣ ከምርምር የመጣ አዲስ ዘር፣ ከጎረቤት ቀበሌ ደግሞ ነጭ ማሽላ። ማሳውን አሥራ አምስት እኩል መደብ አድርገን ለየዘሩ አምስት አምስቱን በዕጣ ደለደልን። አንድ አንድ መደብ ብቻ ቢሆን ያበላለጠው ዘሩ ይሁን አፈሩ አይታወቅም። አምስት ሲሆን ግን አንዱ ዘር በራሱ መደቦች መካከል ምን ያህል ከፍና ዝቅ እንደሚል ይታያል። በዘሮቹ አማካይ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ ከውስጡ ልዩነት በጣም ጎልቶ ካልወጣ፣ ይኼኛው ይበልጣል ብሎ መፈረም አይቻልም። ይህን ሳስረዳቸው፣ «አንድ እናት የወለደቻቸው ልጆችም እኮ ቁመታቸው እኩል አይደለም» አሉ። እኔ ኮሌጅ ገብቼ የተማርኩትን እሳቸው በአንድ አፍታ ያዙት።

በኅዳር መዘንን። የአዲሱ ዘር አማካይ አሥራ ስድስት ኪሎ ሆነ፤ የነጩ አሥራ አራት። የእማማ ዙልፋ ከሁለቱ መደቦች አሥራ ስምንትና አሥራ ዘጠኝ ሲወጣ ደስ አለኝ። ከመንገዱ ዳር ያሉት ሦስቱ ግን አሥራ ሦስት፣ አሥራ አንድና ዘጠኝ ብቻ ሰጡ። አማካዩ አሥራ አራት ላይ ወረደ። ቢሮ ገብቼ የቫሪያንስ ትንተናውን ስሠራ፣ በዘሮቹ መካከል ያለው ልዩነት በየዘሩ ውስጥ ላለው ተካፍሎ ልክ አንድ ወጣ። ወደ አራት ካልተጠጋ ልዩነት አለ አይባልም።

ወደ ማሳው ተመለስኩ። ያጨድነው ራሱን ብቻ ስለነበር አገዳው ገና ቆሟል። በማጭድ የተቆረጠው አንገቱ ንጹሕ ነው፤ በእጅ የተቀነጠሰው ግን ተልጦ ደርቋል። የተቀነጠሰ ያለው በእነዚያ ሦስት መደቦች ብቻ ነበር።

ጋሼ ሸሪፍ ሲመጡ፣ «ለመንገደኛው ከየትኛው ነበር የሚሰጡት?» አልኳቸው።

«ከእማዬ ነዋ! ራሴ ቀምሼው የማላውቀውን ለእንግዳ ልስጥ?»

«በገዛ እጅዎ ገደሉት እኮ!» ብዬ ጮህኩባቸው። በአባቴ ዕድሜ ባለ ሰው ላይ መጮኼ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ንዴቴ ትንሽ ሲበርድ፣ «የተቀነጠሰው ይቆጠራል። አንድ ራስ ስንት ግራም እህል እንደሚወጣው አውቃለሁ፤ ግምት መሆኑን ጽፌ ክብደቱ ላይ እጨምረዋለሁ። ያኔ አንደኛ ይሆናል» አልኩ።

የተላጠውን አገዳ በጣታቸው ዳበሱ። እሺ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር።

«ተው ልጄ፤ እሱ ሰደቃ ነው» አሉ። «ለአላህ ብዬ የሰጠሁትን ቆጥረህ ለኔው ልትመልስልኝ? አትቁጠረው።»

«ዘሩ ይቀራል እኮ፣ ጋሼ።»

«ይቅር» አሉ።

«ልዩነቱ አልተረጋገጠም» ብዬ ጻፍኩ። ወረዳው በዚያ ዓመት አዲሱን ዘር አከፋፈለ። እኔም ሙከራው እንዲደገም ደጅ ጠንቼ አስፈቀድኩ።

በሁለተኛው ዓመት ጋሼ ሸሪፍ ዕጣ ሳይወጣ በፊት ከአስፋልቱ ወገን ሦስት ትልም ለዩ። «ይኼ የመንገደኛ ነው፤ ከሙከራህ አታግባው» ብለው የእናታቸውን ዘር ዘሩበት። እሸቱ ሲደርስ ከማማው እየወረዱ ከዚያ ብቻ መረጡ።

በኅዳር የእማማ ዙልፋ አምስቱም መደብ ከአሥራ ሰባት እስከ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሰጠ። ትንተናው ልዩነት መኖሩን አሳየ፤ ዘሮቹን ሁለት ሁለት እያደረግኩ ሳነጻጽርም የሚበልጠው የሳቸው ሆነ። ወረቀቱን ይዤ ቤታቸው ድረስ ሮጥኩ። «አልሐምዱሊላህ» አሉና በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ፣ «የመንገደኛውን አልመዘንከውም አይደል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አልመዘንኩም» አልኩ። እውነቴን ነው።

የመጀመሪያውን ዓመት ግን አልጠየቁኝም። አትቁጠረው ከማለታቸው በፊት ሦስቱንም መደብ ዞሬ ቆጥሬ ጨርሼ ነበር። በዚያው ዕለት ቤቴ ስገባ የመዘገብኩበትን የደብተሬን ገጽ ቀድጄ እሳት ውስጥ ጨመርኩት። ቁጥሩን አልረሳሁትም፤ ይኸው ሁሉንም ጽፌ እሱን ብቻ ትቼዋለሁ።