የታላቅየው እግር

አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ቀኝ እግሩን ዘርግቶ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ለመንገዱ የተገዛለት አዲስ ኮት ጥፍሩ ሥር የገባውን ሲሚንቶ አልሸፈነውም። ሌላው ሰው ሁሉ የበረራ ሰሌዳውን ሲያይ እሱ የወለሉን መስመር ይመረምራል። ለዓመታት ቁጢጥ ብሎ ሲያነጥፍ ጉልበቱ ሥር የተጨመቀ ነርቩን በቀዶ ጥገና ሊያስለቅቅ ባሕር ማዶ ይሄዳል፤ ሲራመድ የእግሩ ጣት መሬት ይጭራል።

ሻንጣውን የተሸከመለት ታናሽ ወንድሙም እንዲሁ ነው የሚራመደው። እሱ ግን የሚሄደው ለማስታመም ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ወለሉን ተወውና ፓስፖርትህን ያዝ፤ አፍርሰህ አንጥፍ ያለህ የለም» ብሎት እየሳቀ ውሃ ሊገዛ ሄደ።

ታላቅየው አልሳቀም። ወደ እኔ ዞረ።

«ሥራውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ቁጢጥ በል፣ የሚንበረከክ ሰነፍ ነው እያልኩ። እግሬ ደነዘዘ ሲለኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰበብ ነው አልኩት። የኔው ሲደነዝዝ ግን በሳምንቱ ሐኪም ቤት ነበርኩ።» ድምፁ ወረደ። «ሐኪሞቹ፣ አንተ በጊዜ ደርሰህበታል አሉኝ። የሱ ግን ጊዜው አልፏል፣ ቢቀደድም አይመለስም።»

በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚለውን ተረት የጭካኔ ብቻ አድርጌ እወስደው ነበር። ለካስ ቁስሉን ቁስል ነው ብሎ አለማመንም አለበት።

ታናሹ ውሃውን ይዞ እንደተመለሰ አንድ ሠራተኛ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ መጣ። ሁለቱም እያነከሱ ወደ እሱ ሲራመዱ አይቶ ግራ ገባው።

«ታማሚው ማንኛችሁ ናችሁ?»

ታላቅየው ወደ ወንድሙ ጠቆመ።

«ቀልዱን ነው» አለ ታናሹ፣ ወንድሙን ብብቱን ደግፎ ወንበሩ ላይ እያስቀመጠው።