በክላርኔት ነፊው ቤት የሰማሁት ያላለቀ ጸሎት

ወሬው የደረሰኝ በዐቢይ ጾም፣ ሐሙስ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው። አስካለ ኮል አደረገችልኝ። አስካለ በከተማችን በኮሎምበስ ምሥራቅ በኩል የሰው ቤት ታጸዳለች።

«እትዬ ብርሃኔ፣ ጉድ ልንገርዎት? የማጸዳለት ሰውዬ ቤት፣ በአይሁድ ሙዚቃ መሀል የኛ አገር ቄስ በግዕዝ ይጸልያል!»

«ሬዲዮ ይሆናላ።»

«ኧረ ቴፕ ነው! ሰውየው ሳም ይባላል፤ ክላርኔት ይነፋል። ሸክላ ሊያሳትም ነው፣ ሰኞ ይልከዋል። ቃሉን የሚያውቅ ሰው አምጪልኝ አለኝ። የቄስ ልጅ እርስዎ ነዎት፤ እኔ ግዕዝ ከየት ላምጣ?»

ቅዳሜ ለሳም ሰንበቱ ስለሆነ ለእሑድ ተቀጣጠርን።

እሑድ

ገና ቤተ ክርስቲያን ስለሌለን ሰው ቤት ተሰብስበን ጸሎት አደረስንና ከአስካለ ጋር ወጣን። በረዶው ቀልጦ ክሊቭላንድ አቬኑ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። የእሑድ አውቶቡስ አርባ ደቂቃ አስጠበቀን። ስልሳ ሳንቲም ከፍለን፣ መሀል ከተማ ላይ ወርደን፣ ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን ያዝን።

«እትዬ፣ በጾም ዘፈን ሊሰሙ ነው እንግዲህ» አለች አስካለ።

«እኔ የምሰማው ጸሎቱን ነው።»

«ክላርኔቱንስ?»

«እሱን እግዜር ያውቃል።»

ሳም አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የተቀደደ ሰው ነው። ወደ ምድር ቤቱ አስገባን። ድምፅ እንዳይወጣ ግድግዳውን ሙሉ የእንቁላል ካርቶን ለጥፎበታል። «እኔ እኮ ቆሻሻ መስሎኝ ልነቅለው ነበር» አለችኝ አስካለ በጆሮዬ። ሳም ብስኩት አቀረበ።

«ቅቤ አለበት?» አልኩት።

«አለበት።»

«ይቅርታ፣ ጾም ነን።»

ይከፋዋል ብዬ ስሰጋ ሳቀ። «እናቴም ለአይሁድ የምግብ ሕጋችን ስትል ሰው ቤት ስትሄድ መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንኑ ነበር» ብሎ ብርቱካን አመጣልን።

ሙዚቃው ክሌዝመር ይባላል። የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች የሰርግ ሙዚቃ ነው፤ የሳም አያትም በዚሁ እንጀራ በልተውበታል። አሜሪካ ከመጣ ወዲህ ሊጠፋ ደርሶ ነበር፤ አሁን ወጣቶቹ ከአሮጌ ሸክላ እየሰሙ ሊያነሱት ጀምረዋል። ሳም ደግሞ የየመኑን፣ የሞሮኮውን፣ የቤተ እስራኤሉን ድምፅ ሊያስገባበት ይፈልጋል።

«ይስማማል?» አልኩት።

«አንዳንዴ ይጣላል። ሲጣላም ደስ ይለኛል።»

አንዱን አሰማን። ቫዮሊኑ ሲያለቅስ ቆይቶ ድንገት ይስቃል። አንዱ እግሬ ወለሉን ሊመታ ሲል በሌላው ረገጥኩት።

ከዚያ አስካለ የነገረችኝ ቄስ፣ የቤተ እስራኤሉ ሽማግሌ ድምፅ መጣ። የሳም የአጎት ልጅ ነርስ ናት፤ ሱዳን ድንበር ካለ የስደተኞች ካምፕ የቀዳችው ነው። የተሰበረ ግን የማይቸኩል ድምፅ ነው። ግዕዙ ከአባቴ እግር ሥር ከሰማሁት አልለይ አለኝ። ሰው እንደሚመራው ዓይነ ሥውር ቃል በቃል እየተከተልኩ ስሄድ፣ ሽማግሌው ድንገት አቆሙና ክላርኔቱ ተቀብሎ ጨረሰው።

«አላለቀም» አልኩ። «ይህ ጸሎት እዚህ አይቆምም። ቀሪው የታለ?»

«ከዚያ በኋላ ወሬ ብቻ ነው፤ ቆርጬ አወጣሁት።»

«ወሬውን ያሰሙኝ።»

ያልተቆረጠውን ዋናውን ካሴት ፈልጎ ከፈተ። ሽማግሌው ያቆሙበት ላይ ትንሽ ሳል ተሰማ፤ ቀጥሎ በአማርኛ፣ «ይበቃል ልጄ። የቀረውን ኢየሩሳሌም ስገባ አደርሰዋለሁ።» አንዲት ሴት ደግሞ ከሩቅ፣ «ያግባዎት አባ!» ትላለች። በቃ።

አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እኔም በዚያው በሱዳን በኩል ነው የወጣሁት፤ ስንቱ «ስገባ» እያለ እንደቀረ አውቃለሁ። ለሳም ስተረጉምለት ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ቀሪውን ያውቁታል?» አለኝ።

«የኛን አውቃለሁ። ይቀራረባል።»

«እንግዲያው እርስዎ ይበሉት። ዛሬ እንቅዳው፤ ነገ ይሄዳል።»

ማይክሮፎኑን ወደ እኔ አዞረ። እውነቱን ልናገር፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን «አይሆንም» አልኩት። «እኚህ አባት ከፈጣሪያቸው ጋር ቀጠሮ ይዘዋል። የእሳቸውን ቀጠሮ እኔ ኮሎምበስ ተቀምጬ አልፈጽምላቸውም።»

«የኔ ክላርኔት ግን ፈጽሞላቸዋል» አለ። ተነሥቶ ማይክሮፎኑን ነቀለ። ሽማግሌውን እስክናፈላልግ፣ ለሸክላ ማተሚያ ቤቱ እስከ መስከረም እንዲጠብቁት እንደሚነግር ቃል ሰጠን።

ቤቴ የደረስኩት ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። የሁለት ሰው ዜማ መቀላቀል ማለት አንዱን በሌላው ላይ መደረብ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ያኛው የት ላይ፣ ለምን እንዳቆመ መጠየቅም አለበት።

አሁን ልመናዬ በዚያ ካምፕ ለነበራችሁ ነው። ፈረንጅ ነርስ በቴፕ ስትቀዳቸው አጠገባቸው የነበራችሁ፣ ይልቁንም «ያግባዎት» ያልሽው እህቴ፦ የእኚህ አባት ስም ማን ነው? ገብተዋል ወይ? ገብተው ከሆነ ሳም ቀሪውን ከአፋቸው ሊቀዳ ቴፑን ይዞ ያሉበት ድረስ ሊሄድ ተነሥቷል። መንገድ ላይ ቀርተው ከሆነም አትደብቁን፤ ሸክላው እሳቸው ባቆሙበት ይቆማል።