የመርፌዋ ቅናት

ክሊኒክ ውስጥ ሕፃናት የምትከትበዋን ነርስ ልጆቹ «መርፌዋ» ይሏታል። ታላቅ እህቷ ደጁ ላይ ከረሜላ ትሸጣለች። ተወግተው እየጮኹ የወጡት ሁሉ በእህቷ እቅፍ ውስጥ ጸጥ ይላሉ፤ የነርሷ የገዛ ልጅ እንኳ ሳትቀር! እናቶቹም «እጅሽ ይባረክ» የሚሉት ከረሜላ ሻጯን ነው። ይሄኔ የነርሷ አንጀት እርር ይላል።

ኩፍኝ ገብቶ በማዶው ሰፈር ያልተከተቡትን አልጋ ላይ ጣላቸው። እሷ የከተበቻቸውን ግን ንክች አላደረጋቸውም። ማንም እሰይ አላላትም።

አንድ ቀን ቅናቱ ቢብስባት ጋወኗን አውልቃ፣ ከእህቷ ከረሜላ ገዝታ ልጆቹን ጠራች። አንዷ ጩጬ ከረሜላውን ከእጇ መንጭቃ «መርፌዋ ናት!» ብላ እግሬ አውጪኝ አለች።

«ሩጪ!» ብላ ጮኸችባት ነርሷ። «ሩጪ እንጂ! ኩፍኝ ጥሎሽ ቢሆን ኖሮ በየትኛው እግርሽ ትሮጪ ነበር?»