ዳኛው አንብበው እስኪጨርሱ

አባቴን ጆሮው መክዳት የጀመረው ጡረታ በወጣ ሰሞን ነው። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን አስጮኸው፤ ቀጥሎ እኛን አስጮኸን፤ በመጨረሻ ራሱ ዝም አለ። እኔን ያስጨነቀኝ ዝምታው ነበር። ለግብርና ሥራ ከሰሜን መጥቶ እዚሁ አርባ ምንጭ የቀረ ሰው ነው። ድሮ በሰፈራችን በሲቀላ የሚያልፍ ሰው ሁሉ በራችን ቆም ብሎ ሳያወጋው አይሄድም ነበር። የሰፈራችንን እድር በዳኝነት ሲመራ የኖረውም እሱ ነው። አንድ ቀን ቁርስ ላይ እንጀራውን እያገላበጠ፣ «ዳኝነቱን ላስረክብና አዲስ አበባ እህትሽ ጋ ልግባ። የማይሰማ ዳኛ ለማን ይፈርዳል?» አለኝ። ድምፁ የቀልድ ነበር፤ ፊቱ ግን አልቀለደም።

እህቴ ጥሩ ልጅ ናት፤ ግን ቤቷ ኮንዶሚኒየም ላይ ነው፤ ጎረቤቶቿን በስም አታውቃቸውም። አባቴ እዚያ ቢገባ ከመስኮት ውጭ ሌላ ጓደኛ እንደማይኖረው ይታየኝ ነበር። ስለዚህ ስልኩ ላይ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ መተግበሪያ ጫንኩለት። ሰው ሲናገር ከሥር ከሥሩ በአማርኛ ይጽፋል። ፊደሉን አተለቅሁና፣ «አባዬ፣ ዛሬ ምሳችን ዓሣ ነው» አልኩ። አነበበና፣ «ይኼ ነገር ከናንተ ይሻላል፤ አይጮህብኝም» ብሎ ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ ካየሁት ስለቆየሁ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ይሁን እንጂ ይኼ ጉደኛ አገራችንን አያውቅም። ፓሪስን አጥርቶ ይጽፋል። አርባ ምንጭንም አይስትም፤ አርባም ምንጭም የለመዳቸው ቃላት ናቸውና። ከዚያ አለፍ ሲል ግን አያድርስ ነው። ኩልፎ ወንዝ «ቁልፍ» ሆነ፤ ወንዙ ዳር የሙዝ እርሻ ያለው ጎረቤታችን «ቁልፍ ዳር ውሃ ሳጠጣ ዋልኩ» ተባለለት። ደጋው ቦንኬ «ባንክ» ሆነና፣ ከዚያ የመጣችው ጎረቤታችን እናቷን ለመጠየቅ ባንክ ትወጣለች ተባለ። ዶርዜ ዶሮ ሆነ። ገረሴንማ እንደ ጠባዩ ነው የሚጽፈው፤ አንድ ቀን «ገረመኝ»፣ አንድ ቀን «ገራሚ» ይለዋል። እኔ በጣም እናደድ ነበር። ጨረቃ ላይ ወጥተናል የሚሉ ሰዎች ገረሴ መውጣት እንዴት ያቅታቸዋል?

አባቴ ስልኩን ይዞ እድር ስብሰባ የወጣው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ስብሰባችን ከእድሩ ዕቃ ቤት ፊት ለፊት፣ ማንጎው ሥር ነው። ከኦቾሎ ወርደው እኛ ሰፈር ያረጁ ሸማኔ ሽማግሌ አሉ፤ ተነሥተው «ኦቾሎ ለቅሶ ደርሼ ስለመጣሁ ባለፈው ቀርቻለሁ» አሉ። አባቴ ስልኩን አየና በዚያ ራሱ በማይሰማው ትልቅ ድምፅ፣ «ኦቾሎኒ ምን ሆኖ ነው የተለቀሰለት?» ብሎ ጠየቀ። ሰዉ በሳቅ ወደቀ። ከሁሉ የሳቁት ሽማግሌው ናቸው፤ «እኔም ከኦቾሎኒ ነኝ ዳኛ! ተፈልፍዬ ነው የመጣሁት!» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ አገሩን ማሽኑ ባወጣለት ስም ይጠራ ጀመር።

በስሞቹስ ሳቅን። የከፋው ሌላ ነበር። እድር ላይ ሰው በየተራ አይናገርም፤ አንዱ የሌላውን አፍ ይነጥቃል፤ የተናደደው ይጮኻል፤ ከኋላ ያሉት የራሳቸውን ስብሰባ ይሰበስባሉ። ማሽኑ ይኼን ሁሉ ለቃቅሞ አንድ ላይ ሲያቦካው ጭንቅላትም ጅራትም የሌለው ነገር ወጣ። አባቴ ጥቂት ታገለና ስልኩን በግንባሩ ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ቤት ስንገባ፣ «ለእህትሽ ደውዪላት። ክፍሉን ታዘጋጅልኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ አስረክባለሁ» አለ።

በሚቀጥለው ስብሰባ የቀረበው ጉዳይ ሰውን የሚያሟሙቅ ነበር። የአባል እናት ወይም አባት ደጋ ላይ ቢሞቱ እድሩ እዚያ ድረስ ይሂድ ወይስ አይሂድ? ገና ነገሩ ሲነሣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተንጫጫ። አባቴ የሰው አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ያያል። ያን ፊቱን እያየሁ መቀመጥ አቃተኝ።

በዚህ መሀል የኦቾሎው ሽማግሌ ተነሡ፤ ሳይናገሩ ቆመው ቆዩ። ቀስ በቀስ ጫጫታው ሞተ።

«ዱቡሻ ላይ እንዲህ የለም» አሉ። ዱቡሻ የጋሞ ሰው በአደባባይ ተቀምጦ የሚመክርበት ቦታ ነው። «አንድ ሰው ይቆማል፣ ይናገራል። ሌላው ይሰማል። አንተ ልጄ፣ ስልኩን ቀና አድርግ።»

አንተ ልጄ ያሉት እኔን ነው። በአማርኛ ሲናገሩ ሴትነቴን ይረሱታል፤ ለምጄዋለሁ። ስልኩን ቀና አደረግሁ።

ከዚያ በኋላ የሚናገር ሁሉ እየተነሣ ወደ ጠረጴዛው መጣ፤ ጎንበስ ብሎ ተናገረ፤ አባቴ አንብቦ ራሱን እስኪነቀንቅ ቆሞ ጠበቀ። የአገር ስም ማሽኑ ሲያበላሽ አባቴ ራሱ ያርመው ጀመር። በወጣትነቱ በእግሩ ያልዞረው ቀበሌ የለማ። «ገረመኝ» የሚል ሲመጣ፣ «ገረሴ ማለትህ ነው» ይላል፤ ተናጋሪው ደስ ብሎት ይስቃል። ተናድዶ የተነሣውም ተራው እስኪደርስ ቁጣው እየበረደ መጣ። እድራችንን እንዲህ አምሮበት አይቼው አላውቅም።

ሽማግሌው መጨረሻ ላይ ተናገሩ። ገና እንደጀመሩ ኔትወርኩ ጠፋ፤ ጽሑፉ ቆመ። እሳቸው አላወቁም፤ ተናግረው ጨረሱ። ሰዉም «ጥሩ ነው! ተስማምተናል!» አለ። ጸሐፊው እንዝጋው ሲል አባቴ ነገሩ ገባውና ስልኩን ወደ ጎን ገፋ አደረገው።

«እኔን አትጠብቁ፤ ወስኑ። ለነገሩ እኔም የምነግራችሁ ነገር...»

ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ። «ዳኛው ሳያነቡ ተወሰነ አይባልም» አሉና ተቀመጡ።

ሁሉም ተቀመጠ። ፀሐዩ ማንጎውን አልፎ እግራችን ላይ መጣ። አንዱ ሸንኮራ አገዳ እየቆረጠ አደለ፤ ያኘኩት ግን ድምፅ ሳያወጡ ነው። ቤቷ ወጥ የጣደች ሴት እንኳ አልሄደችም። የሚያንሾካሹክም አልነበረም፤ አባቴ የማያነበውን ነገር ማውራት ከእሱ ላይ እንደ መስረቅ የቆጠሩት መሰለኝ። እነዚህን ሰዎች ያን ቀን በጣም ወደድኳቸው።

ኔትወርኩ ተመለሰ። ሽማግሌው እንደገና መጡና ንግግራቸውን ከሀ ጀምረው ደገሙት። እኔም ከአባቴ ትከሻ በላይ አነበብኩ፤ «ሰው የሞተበት አባል ኦቾሎኒም ይሁን ባንክ አብረን እንሄዳለን። ዳኛውም ሐዘን ቢደርስባቸው አገራቸው ሩቅ ነው ብለን አንቀርም። ያልቅሱ ብለን ብቻቸውን አንልክም።»

አባቴ ደጋግሞ አነበበው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ እንደገና አነበበው። ሽማግሌው ቆመው እየጠበቁት ነው።

«ተወስኗል» አለ አባቴ፤ በዚያ ትልቅ ድምፁ።

ጸሐፊው፣ «የሚነግሩን ነገር አለ ብለው ነበር» ሲል ጎንበስ ብሎ ጠየቀው። አባቴ አነበበና፣ «የድንኳኑ ገመድ አርጅቷል፤ ይለወጥ» አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ይዞ ተራመደ። በራችን ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ለእህትሽ ደውዪላት» አለኝ። «ክፍሉን ለልጆቿ ትስጣቸው።»