ሰፊው ጋን

እታገኘሁ በሰው ፊት ክፉ ቃል የማይወጣት ሴት ነበረች። ቅናቷን የሚያውቀው ጋኗ ብቻ ነው። በደርግ ጊዜ ባሏ አለነ ከገበሬ ማኅበር ስብሰባ ሲመለስ፣ ከላሊበላ በላይ ባለው መንደራቸው መንገድ ዳር ጠላ በምትሸጠው በወይንሸት ደጅ ያልፋል። ያልፋል እንኳ አይባልም፤ ይገባል። ቤቱ የሚደርሰው ጢሙ ጌሾ ጌሾ እየሸተተ ነው።

«የሷ ጠላ ምን አለው?» አለችው አንድ ቀን።

«እኔ ምኑን አውቃለሁ? ጉሮሮ ላይ ይቆያል።»

ቃሉ የእሷም ጉሮሮ ላይ ቆየ።

ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ በወይንሸት በር አሾልካ አየች። ሆዱ የተነፋ ሰፊ ጋን ቆሟል። የእሷ ከእናቷ የመጣ ጠባብ ጋን ነው። ነገሩ ሁሉ ከጋኑ ነው ብላ ደመደመች። የመድኃኔዓለም ማኅበር ተራዋ ሲደርስ «ሰው ይበዛል» ብላ አለነን ከሙጃ ገበያ ሰፊ ጋን አስመጣችው።

በወይራ አጠነችው። ጌሾውን ጠነሰሰች፤ ብቅሉንና ተቆልቶ የተፈጨውን ገብስ በለመደችው ልክ ለውሳ ድፍድፉን ገለበጠች። ከጋኑ ወገብ በታች ቀረ። ጎዶሎ ጋን ጠላ እንደሚያሆመጥጥ ታውቃለች፤ ብቅሉ ደግሞ አልቋል፣ ሌላ ለማብቀል ጊዜ የለም። እስከ አንገቱ ውሃ ሞላችው።

በማግስቱ ወይንሸት «ጋን ገዛሽ አሉ» ብላ ልታይ መጣች። በቅል ቀድታ ቀመሰች።

«እታገኝ፣ ጋኑስ የእኔን ያህላል። ድፍድፉ ግን የድሮው ጋንሽ ልክ ነው።»

እታገኘሁ ቅሉን ተቀብላ ጋኑን ከደነች።

«እኔ መጀመሪያ ድፍድፌን ነው የማየው፤ ጋኑን የምመርጠው ከዚያ በኋላ ነው። ውሃም የምጨምረው እሱን እያየሁ ነው።»

«አንቺማ ታውቂበታለሽ። የሰው ባል ሁሉ ይመሰክርልሻል።»

ወይንሸት ሳቀች። «ያንቺው ባል እኔ ቤት ተቀምጦ የሚያወራው ስላንቺ ሽሮ ነው። ሰልችቶኛል።»

እታገኘሁ አላመነቻትም።

ወይንሸት ሄዳ ከራሷ ወፍራም ድፍድፍ በእንስራ አዝላ ተመለሰች። እታገኘሁ አልቀበልም ልትል አሰበች፤ የማኅበርተኛው ፊት ታያትና ተቀብላ ገለበጠችው። በዓሉ ገና ቀናት ስለቀሩት ጠላው በደንብ ደረሰ።

በማኅበሩ ዕለት ቄስ ኃይለ ማርያም ከባረኩ በኋላ አለነ ጠጣ፤ ቆም አለና ደገመ።

«በቃ፣ ከእንግዲህ ከስብሰባ ቀጥታ ቤቴ ነኝ» አለ ሰው ሁሉ እየሰማ።

የፈለገችው ይኸው ነበር። ወይንሸት ግን ደንበኛዋን ስታጣ ፊቷ አልጠቆረም፤ የድፍድፉንም ነገር አላነሳችም። ዝምታዋ እታገኘሁን ከድሮው በላይ ቆጠቆጣት። የወይንሸት ነጠላ ላይ ጠላው ጠብ እንዲልባት እየተመኘች ጣሳውን እስከ አፉ ሞልታ ሰጠቻት።

ወይንሸት ጠብታ ሳታፈስ ጠጣች።

«እጅሽ ይባረክ» አለቻት፣ ጣሳውን እየመለሰች።