ከባዩሽ ወገብ የተወጠረ ድር

ባዩሽ የሸማኔ ልጅ ናት። ጉለሌ ያደገችው የአባቷ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ሲል እየሰማች ነው። እዚያ ቤት ግን የሴት ድርሻ እንዝርት ነበር፤ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ የሚሸምነው ወንድ ነው። ልጅ ሳለች አባቷ ምሳ ሊበላ ሲነሳ ቦታው ላይ ተቀምጣ ተገኘችና እናቷ ጆሮዋን ይዛ አወጣቻት። ከዚያ ወዲህ አልሞከረችም። ምኞቱ ግን አልለቀቃትም።

ስቶክሆልም ከገባች ዓመታት አልፈዋል። ሁዲንጌ ውስጥ አዛውንት ስታነሳና ስታስተኛ ኖራ፣ ወገቧን ታማ ሥራውን ተወች። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስድስት፣ ብርዱ ሲገባ፣ ልጇ ሰሎሜ ሴት ልጅ ተገላገለች። በእነ ባዩሽ ዘር የክርስትና ልብስ ተገዝቶ አያውቅም፤ የቤቱ ወንድ ይሸምነዋል። የቀረው የቤቱ ወንድ ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ብዙነህ ነው። ሙያውን ከአባቱ ተምሮ ነበር፤ ሶደርተልየ የከባድ መኪና ፋብሪካ ከገባ በኋላ ግን ክር በእጁ አልነካም።

«ጋሼ፣ ለልጅቷ ምን አሰብክ?» አለችው።

«ከአዲስ አበባ አስመጣለኋ! ሽሮ ሜዳ ምን የሌለ አለ?»

«ተገዝቶ?»

«ታዲያ ሰርቄ ላምጣልሽ?»

«እኔው እሸምነዋለሁ።»

ብዙነህ ከት ብሎ ሳቀ። «ጉድጓዱንስ የት ልትቆፍሪ ነው፣ ሳሎን? ከታች ያሉት ጎረቤቶች እግርሽን ከጣሪያቸው ተንጠልጥሎ ሲያዩ ምን ይሉ ይሆን!»

ባዩሽ ግን መላ ነበራት። ቬሊንግቢ በሚባለው የከተማው ሰፈር ሴቶች ተሰብስበው የሚሸምኑበት ክፍል አለ፤ እዚያ ዴኪ ከምትባል የቡታን ሴት ጋር ተዋውቃለች። በዴኪ አገር ሸማኔዋ ሴት ናት። ጉድጓድ የለም። ድሩ በሁለት ዘንጎች ላይ እንደ ቀለበት ይጠመጠማል፤ አንዱ ዘንግ ግድግዳ ላይ ይታሰራል፤ ሌላው በቆዳ መቀነት ከሸማኔዋ ወገብ ይያያዛል። ጥለቱ በጣት ክር እየተነሳ፣ ባለ ቀለም ክር እየተሻገረ ይሠራል፤ ላየው ሰው ጥልፍ ይመስላል፣ መርፌ ግን አልነካውም።

መጀመሪያ የሠራችው ተጣመመ። አባቷ ድሩን ካስማ ላይ አስሮ ነበር የሚወጥረው፤ ባዩሽም እዚህ ካስማው እሷው ራሷ መሆኗን ረሳች። ክር ልታነሳ ባጎነበሰች ቁጥር ድሩ ይላላል።

«ወዴት ትሄጃለሽ?» አለች ዴኪ፣ ለሁለቱም የተውሶ በሆነው ስዊድንኛ። «አንቺ ከሄድሽ ጨርቁም ይሄዳል። በወገብሽ ያዢው።»

«ወገቤማ በሽተኛ ነው።»

«እንግዲያው ቀስ ብሎ ይያዝ።»

የሠራችውን ፈትታ እንደገና ጀመረች። ሰው ከሥራው ፈንጠር ብሎ መሥራት ይችላል፤ እጁ እዚህ፣ ልቡ ሌላ ቦታ። ይህ ዕቃ ግን ያን አይፈቅድም። የሚሸምነው ሰው ከዕቃው አካል አንዱ ነው፤ ሲዝል ጨርቁ ያሳብቅበታል። ባዩሽ ጥቂት ትሸምናለች፤ ወገቧ ሲጠዘጥዛት መቀነቱን ፈትታ ወለሉ ላይ ትንጋለላለች፤ ተነስታ ደግሞ ትታጠቃለች። ማጉን የፈተለችው ራሷ ናት። ጥለቱ አባቷ ይሠራው የነበረው መስቀል ነው።

በክርስትናው ዋዜማ ብዙነህ ከአዲስ አበባ ያስመጣውን ነጠላ በብብቱ ይዞ ቬሊንግቢ መጣ። ጨርቁ አልቋል፤ ነገር ግን ድሩ ዙሪያውን የተጠመጠመ ስለሆነ እንደ ቀለበት ተዘግቶ አገኘው። ሰንጢውን ከኪሱ አወጣ።

«አባባ እንዲህ አድርጎ ነበር ቆርጦ የሚያወጣው።»

«አትንካው!»

ባዩሽ ከወገቧ መቀነቱን ፈታችና የድሩን ሁለት ጫፍ ያያያዘውን ቀጭን ዘንግ ሳብ አደረገችው። ቀለበቱ ተከፈተ። ጨርቁ ስለት ሳይነካው ጭኗ ላይ ተዘረጋ።

ብዙነህ ሰንጢውን አጠፈ። አባቱ ያደርግ እንደነበረው ጠርዙን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ሄደና አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«እዚህ ጋ ላላ ብሏል።»

«ያን ቀን ወገቤ ብሶብኝ ነበር።»

«ታዲያ ትፈቺዋለሽ?»

«አልፈታውም። ልጅቷ እንዲሁ ትለብሰዋለች።»

ብዙነህ ጠርዙን አስተካክሎ ለቀቀው። «ነገ ቄሱ ማን ሸመነው ቢሉኝስ?»

«የቤቱ ሸማኔ በላቸው።»

ብዙነህ በብብቱ የያዘውን አየው። «ይሄንንስ ምን ላድርገው?»

«ልበሰዋ! ትከሻህን ባዶ አድርገህ ልትመጣ ኖሯል እንዴ?»