ርዕሱን የማላውቀውን ፊልም ፍለጋ መርካቶ ድረስ

ከቡታጅራ የተነሳሁት ሐሙስ ማለዳ ነው። ሰኔ ገብቶ መሬቱ መራስ ጀምሯል፤ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለሚመጣው ሚሌኒየም ነው። የኔ ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። ፊልም ልገዛ ወደ መርካቶ እየሄድኩ ነው። የፊልሙን ርዕስ አላውቅም። ተዋንያኑንም አላውቅም። የማውቀው ዜማውን ብቻ ነው፤ እሱንም ሙሉውን አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። በትምህርት ቤታችን ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ «የሳቅ ክፍል» የምንላትን ቤት ከከፈትኩ ቆየሁ። አንድ ቁም ሳጥን ሙሉ አስቂኝ መጻሕፍት አሏት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በተውሶ ቴሌቪዥን ዘፈን የበዛበት ፊልም እናሳያለን። አንድ መጽሐፍ ካሳቀኝ ብቻዬን መያዝ አይሆንልኝም። ያገኘሁትን ሰው ክንዱን ይዤ «ይቺን ብቻ ስማኝ» እላለሁ። ይቺ «ብቻ» የምትባል ነገር አንዳንዴ አንድ ምዕራፍ ትሆናለች። ከሩቅ አይተውኝ መንገድ የሚቀይሩ የሥራ ባልደረቦች እንዳሉኝ አውቃለሁ፤ አልቀየምባቸውም።

ርዕሰ መምህራችን አቶ ታፈሰ ክፍሏን ለተሰባበሩ ዴስኮች ማስቀመጫ ፈለጓት።

«ሳቅ ፈተና አያሳልፍም፣ ወይዘሪት ሰናይት» አሉኝ።

«ያልሳቀ ተማሪም ሲወድቅ አይቻለሁ» አልኳቸው።

ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ ፈረዱ፦ በመጪው ቅዳሜ ወላጆች መጥተው ክፍሏን ከሞሏት ትቀጥላለች፤ ካልሞሏት ሰኞ ዴስኩ ይገባል።

ወላጅን ቅዳሜ ከሰዓት ከቤቱ ምን ያስወጣዋል? እናቶችን እየዞርኩ ጠየቅኩ። መልሱ አንድ ሆነ፤ «የልብስ ሰፊዋ ፊልም!» ልጃገረድ ሳሉ አዲስ አበባ ዘመድ ሊጠይቁ ሄደው ያዩት፣ ያላዩትም ካዩት ሰምተው ያደጉበት የህንድ ፊልም ነው። አንዲት ልብስ ሰፊና አንድ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ይዋደዳሉ፤ ዝናብ እየወረደባቸው አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ወጥተው ይዘፍናሉ። ርዕሱን የሚያስታውስ ግን ጠፋ። ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ ዜማውን እስከ ግማሽ ድረስ ያውቁታል። ጎመን እየቀነጠሱ በአጥር በኩል አስጠኑኝ። ቃሉ ህንድኛ ይሁን የእሳቸው ፈጠራ እግዜር ይወቀው።

ቅጥቅጡ ውስጥ

ቅጥቅጡ አውቶቡስ ሞልቶ ወጣ። አጠገቤ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ጎተራ የሚያህል ጭነት ጣሪያው ላይ አስጭነው በየኮረብታው ወደ ላይ ያንጋጥጣሉ። ከቡኢ በኋላ ሜዳው በአረንጓዴ ተሸፍኗል፤ ገበሬው በሬውን ጠምዶ ማሳው ላይ ነው። እኔ ከቦርሳዬ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ አወጣሁ። የጻፈው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የፊተኛው ገጽ ከኔ በፊት ጠፍቷል። ካሉኝ መጻሕፍት ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው።

ጢያ ሳንደርስ ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን አገኘሽ ልጄ?» አሉ ሽማግሌው።

ይህን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው። ማንበብ ጀመርኩላቸው። አንድ ሰውዬ ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ ቤት ይሳሳታል። «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ይገባል። ባለቤቶቹ ጨዋ ሰዎች ናቸውና ማን እንደሞተ መጠየቁን ነውር አድርገው አብረውት ያለቅሳሉ። ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ ይመጣል። እድሩ ድንኳን ይተክላል። ንፍሮ ይቀቀላል።

ከኋላ ያሉት «ድምፅ ጨምሪ!» አሉ። ረዳቱ ሙዚቃውን አጠፋው። ሾፌሩ በመስታወት እያየኝ «ቀስ ብለሽ አንብቢ፤ መንገዱን ልይበት» አለ። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት «ለመሆኑ የሞተው ማነው?» ብለው ሲጠይቁ ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል። ሰውዬው የሟቹን ስም ሲናገር፣ ሟች የተባለው ራሱ ንፍሮ የያዘ ሰፌድ ታቅፎ ከፊቱ ቆሟል፤ የጎረቤት ለቅሶ ነው ብሎ ሊያግዝ መጥቶ።

ቅጥቅጡ በሳቅ ተናወጠ። አዋሽ ድልድይ ጋ መውረድ የነበረባት ሴትዮ መጨረሻውን ሳልሰማ አልወርድም ብላ አለም ገና ደረሰች። «ተመላሽ መኪና አላጣም» አለችና እየሳቀች ወረደች።

መሳለሚያ

አውቶቡስ ተራ ስንገባ ካፊያ ነበር። ተሸካሚው፣ ደላላው፣ «ሆሳዕና! ወልቂጤ!» የሚለው ጥሪ ሁሉ በአንድ ላይ ጆሮ ላይ ይወርዳል። ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ በእግሬ ወደ መሳለሚያ አቀናሁ። እዚያ የማርፈው አክስቴ እትዬ ዘነቡ ጋ ነው። ክር፣ ቁልፍና ዚፕ ይሸጣሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሱቋን ብቻቸውን ይዘዋታል፤ ፈገግ ሲሉ ያየ ሰው የለም። ምክንያታቸውን አንዴ ነግረውኛል፦ «ነጋዴ ከሳቀ ዋጋ ይቀንሳል ብለው ይጠብቁታል።»

የመጣሁበትን ስነግራቸው ክር ቆጠራቸውን አቆሙ።

«ለፊልም? ታመሽ መስሎኝ ደንግጬ ነበር!»

«ደህና ነኝ እትዬ። ግን ካላገኘሁት ክፍሌን ይወስዱብኛል።»

«ርዕሱስ ምንድነው?»

«አላውቀውም።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ሽሮ አቀረቡልኝ።

ከምሳ በኋላ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ሂሳቡ በደቂቃ ነው፤ ገጹ ደግሞ እንደ ኤሊ ይሄዳል። የህንድ ፊልም ወዳዶች የሚጽፉበት ድረ ገጽ አገኘሁና «ልብስ ሰፊ፣ አውቶቡስ፣ ዝናብ» የሚለውን በቻልኩት እንግሊዝኛ ጻፍኩ። አንድ ፎቶ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ መጣ። ፀጉር፣ ግንባር፣ ቅንድብ... ጺሙ ጋ ሲደርስ መስመሩ ተቋረጠ።

ሲመለስ ፎቶው የለም። በምትኩ ስፈልግ ያላሰብኩትን አገኘሁ፤ በየአገሩ የተበተኑ ሰዎች ቀልድ በአማርኛ የሚለጥፉበት ገጽ። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው፤ ስታነበው ራሱ ግማሹ ቀልድ ነው። ብቻዬን በሳቅ ስንፈቀፈቅ አጠገቤ ለሥራ ማመልከቻ የሚጽፈው ጎልማሳ ወንበሩን አስጠግቶ «እስቲ እኔም ልየው» አለ። ትንሽ ቆይቶ ማመልከቻውን ረስቶት ነበር። ጥቂት ገጽ አሳተምኩና ወጣሁ። ለክፍሏ ቁም ሳጥን የሚሆን አግኝቻለሁ፤ ፊልሙ ግን ገና ነው።

ዱባይ ተራ

አርብ ጠዋት እትዬ ዘነቡ ሱቃቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው ጃንጥላ ይዘው ተከተሉኝ። «ብቻሽን ብለቅሽ ባዶ ሲዲ ሸጠው ይሸኙሻል» አሉ። ጭቃውን እየዘለልን፣ «መንገድ! መንገድ!» ለሚሉት ተሸካሚዎች ግድግዳ እየተለጠፍን ዱባይ ተራ ደረስን። ጫማው እንደ ዘለላ ተንጠልጥሏል፤ ቴፑ፣ ሰዓቱ፣ የሞባይል ቀፎው ተደርድሯል።

አንደኛው ፎቅ ላይ ሲዲ የሚሸጥ ከማል የሚባል ወጣት አገኘን። ግድግዳው ሙሉ ፊልም ነው።

«የምን ፊልም ነው የፈለግሽው እህቴ?»

«የህንድ። ልብስ ሰፊ የሆነች ልጅ አለችበት።»

«ርዕሱ?»

«አላውቀውም።»

«አክተሩ?»

«እሱንም አላውቅም።»

«ታዲያ እኔ በምን ልፈልገው?»

«ልዝፈንልህ?»

ከማል ሳቀ። ከዚያ እንዳልቀለድኩ ሲገባው የሚያጫውተውን የጥይት ፊልም ድምፅ ቀነሰ። አክስቴ በጃንጥላው ጫፍ ወገቤን ወጋ አደረጉኝ። «አታሰድቢኝ!» እኔ ግን የመጣሁት ለዚህ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርኩ። መጀመሪያ በለሆሳስ ነበር። «አይሰማም!» አለ አንድ ጫማ ሻጭ ከማዶ። ድምፄን ለቀቅኩት።

ዓይኔን ስገልጥ ኮሪደሩ ሞልቷል። ሻንጣ የተሸከመው ከነሻንጣው ቆሟል። «ይሄማ የባቡሩ ፊልም ነው» ይላል አንዱ። «ምን ባቡር! የሁለቱ ወንድማማቾች ነው» ይላል ሌላው። ሊጣሉ ደረሱ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ከዚያስ? ቀጥዪው» አለ ከማል።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቀውም። እትዬ ብርቄ ያስጠኑኝ እዚያ ላይ ያልቃል። ሁሉም ይጠብቃል።

ያኔ ከኋላዬ ዜማው ቀጠለ።

ዞር ስል አክስቴ ናቸው። ጃንጥላውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ መሬት መሬት እያዩ፣ በቀጭንና በጠራ ድምፅ ይዘፍናሉ። አንድም ቦታ አልተሰናከሉም። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ቀና አሉ፤ የማላውቃትን ወጣት ሴት ያየሁ መሰለኝ። ሲጨርሱ ኮሪደሩ በጭብጨባ ተናጋ።

«እትዬ! ያውቁታል?»

«ልብስ ስፌት ስማር ነው የወጣው» አሉ፣ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው። «የምንማረው ልጆች ሁሉ እየተጠራራን ነበር የምንሄደው። እኔ ነኝ ልጅቷ ብዬ አስብ ነበር እኮ።» ከዚያ ነጠላውን ለቀው ሳቁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የአክስቴን ጥርስ አየሁ።

የሐጂ ነስሩ ሱቅ

ጭብጨባውን ሰምተው ከጎን ካለው የጨርቃ ጨርቅ ማከፋፈያ አንድ ትልቅ ሰውዬ ወጡ። ሐጂ ነስሩ ይባላሉ፤ ክርና ጨርቅ አንድ ገበያ ነውና አክስቴን ከድሮም ያውቋቸዋል።

«ዘነቡ ናት የዘፈነችው?» አሉ። «ወላሂ፣ ዋጋ እንኳ ስንከራከር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም!» ወደኔ ዞሩ። «ፊልሙ እኔ ጋ አለ። ዱባይ ስሄድ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ነው ያገኘሁት። ግን አልሸጠውም።»

ከየት እንደመጣሁ፣ ቅዳሜ ምን እንደሚሆን ነገርኳቸው። ጣቃ ጨርቅ ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«የሳቅ ክፍል አልሽ? እኔ የምስቅበት ካጣሁ ቆየሁ። እስቲ አንድ ነገር አስቂኝና እናያለን።»

ያን መጽሐፍ አወጣሁ። በጣቃዎቹ መሀል ቆሜ አነበብኩላቸው። ድንኳኑ ሲተከል ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ንፍሮው ሲቀቀል ኮፍያቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉበት። ሟቹ ሰፌዱን ታቅፎ ብቅ ሲል «በቃ! በቃ! ልትገድይኝ ነው!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። ሸማ ሊገዙ የገቡ ሁለት ሴቶች ጨርቁን ትተው እኔን ከበቡኝ።

ሐጂ ካቢኔያቸውን ከፍተው ሲዲውን አወጡ። ሽፋኑ ላይ ልጅቷ ሜትር አንገቷ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ጽሑፉ ሁሉ ህንድኛ ነው።

«ርዕሱ ምን ይላል ሐጂ?»

«እኔ በየት አባቴ አውቄው! የልብስ ሰፊዋ ነው የምንለው።» ሲዲውን ዘረጉልኝ፤ ሌላ እጃቸው ግን መጽሐፉ ላይ አረፈ። «ከማል ለእኔ አንድ ቅጂ ያውጣልኝ፤ ዋናውን አንቺ ውሰጂ። ይቺን ግን እዚህ ተዪልኝ።»

ጨከንኩና ሰጠኋቸው። እሳቸው ከመውጣታችን በፊት በተራቸው አንዱን ደንበኛ ክንዱን ይዘው «ይቺን ብቻ ስማኝ» ሲሉት ሰማሁ፤ ከጥሩ እጅ መግባቷን አወቅኩ።

መልስ

ከሰዓት በኋላ ወደ አውቶቡስ ተራ ስሄድ ብቻዬን አልነበርኩም። እትዬ ዘነቡ ሱቃቸውን ቆልፈው፣ ንጹሕ ነጠላ ለብሰው አብረውኝ ተሳፈሩ። «ሱቁ የትም አይሄድም» አሉ። እስከ ቡታጅራ ድረስ የፊልሙን ታሪክ ለቅጥቅጡ ሰው ሁሉ ተረኩ፤ እኔን ዞር ብሎ ያየኝ አልነበረም።

ቅዳሜ ዝናቡ ከባድ ነበር። ሰው ይቀራል ብዬ ፈራሁ። ሰዓቱ ሲቃረብ ግን በጓሮው በኩል የጃንጥላ ሰልፍ ታየኝ። እናቶች፣ አባቶች፣ ባጃጅ ነጂዎች፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ዱቄቱን እንኳ ሳያራግፍ። ወንበሩ አለቀ፤ ወለሉ አለቀ፤ ቁም ሳጥኑ ላይ ሳይቀር ሰው ተቀመጠ። የአውቶቡሱ ዘፈን ሲመጣ እትዬ ብርቄና አክስቴ፣ በዚያች ጠዋት የተዋወቁት ሁለት ሴቶች፣ ትከሻ ለትከሻ ተደግፈው ዘፈኑ። ክፍሉ ሁሉ ተቀበላቸው።

አቶ ታፈሰ ዘግይተው ደረሱ። በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች «ሞልቷል ጋሼ» አሏቸው። ርዕሰ መምህሩ መሆናቸውን በዝናቡ ማን ያያል? ወደ ጎን ዞረው በመስኮቱ በኩል ቆሙ። እኔ ከውስጥ አየኋቸው። ዝናቡ በጃንጥላቸው ላይ እየወረደ፣ አንገታቸውን አስግገው፣ ፊልሙ እስኪያልቅ ድረስ አልተነቃነቁም። ልጅቷና ትኬት ቆራጩ ሲለያዩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ከዝናቡ ነው ብለው በኋላ ነግረውኛል።

ይህ መንገድ አንድ ነገር አስተምሮኛል። የምንወደውን ነገር ሰው ይስቅብናል ብለን በለሆሳስ ስንናገረው የሚሰማን የለም። ድምፃችንን ስንለቀው ግን ቀሪውን ግማሽ የሚያውቅ ሰው ከኋላችን ቆሞ እናገኘዋለን፤ አንዳንዴም ዕድሜያችንን ሙሉ የምናውቀው ሰው ነው።

ሰኞ ጠዋት አቶ ታፈሰ ቢሮአቸው አስጠሩኝ።

«ያቺ ክፍል አትሆንም» አሉኝ፣ ወረቀት እያገላበጡ።

«ሞልታ ነበር እኮ ጋሼ!»

«እሱን ነው የምልሽ፤ ጠባብ ናት። ዴስኩን እዚያ እናስገባና አንቺ አዳራሹን ውሰጂ።» ቀና ብለው አዩኝ። «የፊቱን ወንበር ደግሞ ለእኔ ያዢልኝ።»